በኩበት እሳት የደረቀው ማስቲሽ

የማስቲሽ ሽታ ለሌላው ሰው የጫማ ሰፊ ሽታ ነው። ለእኔ ግን የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሽታ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት። ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ላለችው ልጄ ትንሽ የገብስ ቆሎ በሚኒባስ ልኬ ከመሐል ሜዳ መናኸሪያ ስወጣ፣ በቅርብ ከተከፈተችው ጎማ ቤት በኩል ነፋሱ ያንን ሽታ አምጥቶ ፊቴ ላይ ጣለው። መንገዱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ሰባን የተሻገረ ሰው መንገድ ላይ ቢቆም ማንም አይደነቅም፤ አንድ የባጃጅ ሹፌር ክንዴን ያዝ አድርጎ "አባባ፣ ቁርስ ሳይበሉ ነው እንዴ የወጡት?" አለኝ። በልቻለሁ አልኩት። ከጎማ ቤቱ ደጅ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ወደ ሥራው ሄደ።

ወደ ውስጥ አየሁ። የባጃጅና የሞተር ጎማ ተቆልሏል፤ ቀዳዳ የሚፈለግበት የውሃ ሳፋ አለ፤ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ሴት አጎንብሳ ትሠራለች። በእጇ የያዘችውን ለየሁት። የእሽቅድምድም ብስክሌት ቸርኬ ነው፤ በላዩም ቱቦላሬ። ዛሬ ይህን ስም የሚያውቅ ሰው ስለቀነሰ ላስረዳ። ልጆቻችን የሚነዱት ብስክሌት ጎማው ለብቻ፣ ከመነዳሪው ለብቻ ነው፤ ሲበሳ ጎማውን ፈልቅቀው ከመነዳሪውን አውጥተው ይለጥፉታል። ቱቦላሬ እንዲህ አይደለም። ከመነዳሪው በጎማው ሆድ ውስጥ ተሰፍቶ ስለታሸገ ጎማው እንደ ቋሊማ ድብልብል ነው። ቀላል ነው፤ አስፋልት ላይ ሲሄድ ድምፅ የለውም፤ የነዳው ሰው ሌላ ጎማ መንዳት ያስጠላዋል። ግን ቸርኬው ጎማውን ቆንጥጦ የሚይዝበት ጠርዝ የለውም። የሚይዘው ማስቲሽ ብቻ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ጋሼ ሽፈራው ይባላል። ያኔ በወጣትነቴ መሐል ሜዳ አንድ ጎዳና ነበረች፤ እሷም በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። ከላይኛው ጫፍ በርኖስና ባና የሚሸጡ፣ ከታችኛው ጫፍ ጨውና ጋዝ የሚሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ። መሃል ላይ ቴፕ ያለው ሻይ ቤት ነበር። ባለቤቱ ያለው ሦስት ካሴት ብቻ ስለነበር የሰኞውን ዘፈን ሐሙስም እንሰማዋለን፤ አንደኛው ካሴት ደግሞ ክሩ ተስቦ ዘፋኙ የሚያለቅስ ይመስል ነበር፤ እኛ ግን አሳምሮ የዘፈነ እየመሰለን አብረነው እንጎትታለን። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ከብስኩት ጋር በስሙኒ ነበር። ከታች እግሩ የሰፋ ሱሪ፣ ከላይ የአባቶቻችንን በርኖስ ለብሰን ዘመናዊ ነን እንል ነበር። ከሻይ ቤቱ ጎን፣ ጥግ ላይ፣ የጋሼ ሽፈራው ጎማ ቤት ነበረች። ደብረ ብርሃን ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ እጅ ሥር ተምሮ የመጣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ነገር የማያለዝብ ሰው ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ለእኛ ግን ሽማግሌ ነበር።

በግ ላቱን ሳይዳብስ የሚገዛ የመንዝ ሰው የለም። ጋሼ ሽፈራውም ጎማ ሲመርጥ እንደዚያው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ጎማውን በሁለት ጣቱ መሃል እያሳለፈ ዙሪያውን ይዳብሰዋል፤ ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ካበጠ ይመልሰዋል። ለኮረኮንች ወፍራሙን፣ ለአስፋልት ቀጭኑን፣ ለዝናብ ፊቱ ሸካራውን ይመርጣል። አዲስ ጎማ ደግሞ አይወድም። "አዲስ ጎማ ጥሬ ነው" ይላል፤ ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ እሾኹንም ጠጠሩንም እየለቀመ ይበሳል። ከአዲስ አበባ የመጣለትን ጎማ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ጨለማ ቦታ ይሰቅለዋል። ጨለማና ደረቅ ቦታ በመሐል ሜዳ ማለት የገብስ ጎተራ ነው፤ ስለዚህ የእሱ ጎማዎች ከጎተራው በላይ ካለው አግዳሚ እንጨት ላይ ተንጠልጥለው ገብስ ገብስ ይሸቱ ነበር።

አጣበቁንም እንደ ሃይማኖት ነበር የሚያስተምረን። መጀመሪያ ጎማው ያለ ማስቲሽ ባዶ ቸርኬ ላይ ተወጥሮ ይሰነብታል፤ እንዲለጠጥ። ከዚያ ቸርኬው ይጸዳል፤ ማስቲሽ በቀጭኑ በብሩሽ ይቀባል፤ የጎማው ሆድ ላይ ያለው ጨርቅም ይቀባል። ቀን ሙሉ ይደርቃል። ሁለተኛ ይቀባል፤ ቀን ሙሉ ይደርቃል። ሦስተኛው ሲቀባ ጎማው ይጫናል፤ ይስተካከላል፤ ይነፋል፤ አሁንም ቀን ሙሉ አይነካም። "ይህ የቆላ ቀን ነው" ይል ነበር፤ "የእኛ ብርድ ማስቲሽ አያደርቅም፤ የመንዝ ሰው ሁለት ቀን ይጨምር።" መጨረሻ ላይ አየሩን ያስተነፍስና በአውራ ጣቱ ጎማውን ወደ ጎን ይገፋዋል። ጠርዙ ትንሽ ብድግ ካለ ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል። ለምን እንዲህ እንደሚጨነቅ እኛ አይገባንም ነበር። ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው አይገባውም። ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ ቸርኬውን እያሸ ያግለዋል፤ ቸርኬው ሲግል ማስቲሹ ይላላል፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ጎማው ወደ ጎን ይገፋል። ከደጋ ተነስቶ ወደ ሞቃት አገር የሚወርድ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያገኘዋል።

የሚወርደው ታምሩ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ አንድ ሰፈር፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክፍል። ለአውራጃው የብስክሌት ቡድን ሲመረጥ እኔ ሳንባዬ አልችል ብሎ ቀረሁና የእሱ ጎማ አጣባቂ ሆንኩ። በኪሱ በሶ ቋጥሮ ከመሐል ሜዳ እስከ ሞላሌ በዚያ ኮረኮንች ሄዶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ፊቱ በአቧራ ነጥቶ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው፣ ስለሚስቅ። ታናሽ እህት ነበረችው፤ ብርቄ። ብርቄ ዛሬ ባለቤቴ ናት። አርባ ዓመት ያለፈው ትዳር፣ አራት ልጅ፣ አንድ ቤት። ይህን አሁን የምናገረው የሚቀጥለው ነገር ለምን እንደሚከብደኝ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲና የሚጨርስ ውድድር ነበር። እሁድ። ታምሩ ሰኞ ዕለት ሁለት ጎማ አምጥቶ "አስኔ፣ የፊቱን አደራ" አለኝ። አስናቀ ነው ስሜ፤ አስኔ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። ሰኞውኑ ቸርኬ ላይ ወጠርኩት። ማክሰኞ ማስቲሽ ልቀባ ሳስብ ብርቄ ከእናቷ ከእትዬ ዘነበች ጋር የበግ ሱፍ ለመሸጥ ቀየት ገበያ እንደምትሄድ ሰማሁ። ሰበብ ፈጥሬ ተከተልኳቸው። እናቷ ዘመድ ቤት ሰንበት ስላሉ እኔም ሰነበትኩ። ከብርቄ ጋር የተነጋገርነው ሲደማመር የሩብ ሰዓት ወሬ አይሞላም፤ ግን ያቺን ሩብ ሰዓት ሦስት ቀን ጠብቄአታለሁ። መሐል ሜዳ የተመለስኩት ዓርብ ሲመሽ ነው፤ ጎማው እንደተወጠረ፣ ማስቲሹም እንደታሸገ ነበር።

ቅዳሜ በጠዋት ተነስቼ ሦስቱንም ቅብ በአንድ ጠዋት ቀባሁ። ውጭው ውርጭ ነው፤ ማስቲሹ እንደ ንፍጥ ተዝረክርኮ አልደርቅ አለ። አውቶቡሱ ረፋድ ላይ ነው የሚነሳው። ያኔ ማንም የመንዝ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። እኛ አገር እንጨት የለም፤ እሳታችን ኩበት ነው። የረጠበ በርኖስ ይሁን ካልሲ፣ የልጅ መጠቅለያም ሳይቀር በኩበት እሳት ነው የሚደርቀው፤ አልደረቀልኝም ያለ የለም። ቸርኬውን ከምድጃው በላይ ይዤ እንደ በርኖስ እያገላበጥኩ አሞቅሁት። ላዩ ቶሎ ቆዳ አወጣ። በጣቴ ነካሁት፤ አልያዘኝም። ሥሩን አልነካሁም። ሥሩማ ላዩ የበሰለ ቂጣ ውስጥ እንደቀረ ሊጥ ነበር፤ የኩበቱ ጢስና አመድም በመሃል ገብቶበታል። ይህንን ያኔም አውቀው ነበር። አላወቅሁም ብል እዋሻለሁ። ጎማውን ጭኜ፣ ነፍቼ፣ ለታምሩ ሰጠሁት።

መናኸሪያው ያኔ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ነበር። ግማሽ ከተማ ታምሩን ሊሸኝ ወጥቷል። ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ሊጫን ሲነሳ ጋሼ ሽፈራው ከጎማ ቤቱ መጣና የፊቱን ጎማ ያዘ። ማንንም ሳያስፈቅድ አየሩን አስተነፈሰው፤ በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው።

"መቼ ነው ያጣበቅከው?" አለኝ።

ብርቄ ከእናቷ ጎን፣ ድምፃችን ከማይደርስበት ቆማለች። ማክሰኞን፣ ረቡዕን፣ ሐሙስን የት እንደነበርኩ የሚያውቁት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው፤ ስለ ማስቲሽ ግን አያውቁም። ስለ ማስቲሽ የሚያውቀው ደግሞ የት እንደነበርኩ አያውቅም።

"ሰኞ ጀምሬ ሐሙስ ጨረስኩ" አልኩት።

"የሐሙስ አይመስልም።" ጣቱን አሸተተ። "ጢስ ጢስ ይላል።"

"ቤት ውስጥ ስላስቀመጥኩት ነው።"

ጋሼ ሽፈራው አየኝ። ከዚያ ወደ ታምሩ ዞሮ ሁሉም እየሰማ "ስማ፣ በዚህ ጎማ ጣርማ በርን ከወረድክ ሬሳህ ነው የሚመጣልን። ጎተራ ላይ የሰቀልኩት አሮጌ ጎማ ከነቸርኬው አለኝ። ጠብቀኝ፣ ላምጣልህ" አለው።

አገራችንን የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። መንገደኛ ሲነሳ "መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ" ይባላል እንጂ ሬሳ አይጠራም። ከመንገደኛ ፊት ክፉ ነገር አይታሰብም፣ አይነገርም፤ የተናገረው አፍ ነገሩን ጠራው ማለት ነው። እትዬ ዘነበች ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ምላስህ ይቆረጥ" አሉት፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። "በልጄ ላይ ታሟርታለህ? ታምሩ፣ ከዚህ ሰው እጅ ምንም እንዳትቀበል። መርፌ እንኳን እንዳትቀበል።"

"እናቴ፣ እኔ እኮ ስለ ጎማው ነው የምናገረው" አለ ጋሼ ሽፈራው።

"አንተ ተናግረህ ጨርሰሃል።"

ታምሩ በሁለቱ መሃል ቆሞ ሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ "አስኔ፣ ይይዛል አይደል?" አለኝ። ይይዛል አልኩት። ሌላ ነገር ለማለት ጊዜ ነበረኝ፤ ረዳቱ ገና ገመድ እያሰረ ነበር። ገመዱ ሲታሰር አየሁ።

እሁድ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ነበር። እኔ ዕቃና ውሃ በጫነው መኪና ላይ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ከከተማው ከወጣን በኋላ ታምሩ ከፊት ከነበሩት አራት ሰዎች መካከል ነው፤ ጎማውም ደህና ነው፣ ሜዳው ላይ ድምፁ እንኳን አይሰማም። ጣርማ በር ስንደርስ ጉም ዋጠን። ያቺን በር የሚያውቅ ያውቃታል፤ ጉሙ ከቆላው እየተነፈሰ ይወጣል፤ ተራራውን ሰርስሮ የሚያልፈው ዋሻ ውስጥ ሲገቡ ጨለማ፣ ሲወጡ ነጭ ጨለማ ነው። ከዋሻው እንደወጡ መንገዱ ወደታች ይጣመማል። ሹፌሩ ፍጥነት ቀነሰ። ከታች የፍሬን ድምፅ ይሰማል፤ ላስቲክ ብረት ሲያሽ የሚያሰማው ሲሲታ። እየወረድን ስንሄድ አየሩ እየሞቀ መጣ። በርኖሴን አውልቄ እግሬ ሥር ሳስቀምጥ ትዝ ይለኛል፤ እኔ ከሞቀኝ ቸርኬውማ ብዬ አሰብኩ። የሲሲታው ድምፅ ተቋረጠ። ሌላ ድምፅ አልሰማሁም።

መኪናው ቆሞ ስንወርድ ከታምሩ በፊት ያገኘሁት ጎማውን ነው። መንገዱ መሃል ተጠማዞ ተኝቷል፣ ሳይቀደድ፣ ሳይበሳ። ሹፌሩና ሌሎቹ ታምሩ ወደወደቀበት የገደል አፋፍ ሲሮጡ እኔ አጎንብሼ ጎማውን አነሳሁ። ሆዱ ላይ ያለው ጨርቅ ርጥብ ነበር። ማስቲሹ በእጄ ላይ እየተጎተተ ክር ሠራ። ጉሙ ሸፍኖኛል፤ ማንም አያየኝም። ጎማውን በመንገዱ ሌላ ጎን ወዳለው ቁጥቋጦ ወረወርኩት። ይህን ካደረግሁ በኋላ ነው ወደ ጓደኛዬ የሮጥኩት። ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ ደብረ ሲና ሳንደርስ ወጣች። መኪናው ላይ ጭንቅላቱን ይዤ መዳፌ ከፀጉሩ ጋር እየተጣበቀ አስቸገረኝ።

በለቅሶው ላይ እትዬ ዘነበች ልጃቸውን አንድ ጊዜ ከጠሩ የጋሼ ሽፈራውን ምላስ ሁለት ጊዜ ይጠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ከተማው ተቀበላቸው። ምላሱ ጥቁር ነው ተባለ። መንገድ የሚወጣ ሰው በጠዋት እሱን ካየ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጉዞውን ለሌላ ቀን ያደርጋል። ጎማ የሚያስለጥፉ ሾፌሮች እስከ ሰላ ድንጋይ በተበሳ ጎማ እየተንፏቀቁ መሄድ ጀመሩ። ሚስቱ አስቤዛ ልትገዛ ስትሄድ ሴቶቹ ከገበያው መንገድ ወጥተው ያሳልፏታል። አንድ ቀን እኔ ጋ መጣ። ከደጄ ቆሞ ወደ ውስጥ አልገባም።

"ጎማው የት ነው?" አለኝ።

"አላየሁትም፤ ገደል ገብቶ ይሆናል።"

"ቸርኬውን አይቼዋለሁ፤ ጨርቅ አልቀረበትም። በደንብ የተጣበቀ ጎማ ሲነቀል ጨርቁ ይቀራል።" አለኝ። "እኔን ለማዳን አይደለም፣ አስናቀ። የሆነው ነገር እንዲታወቅ ነው።"

በዓመቱ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ራቤል ወረደ፤ እዚያ የሚያውቀው ስላልነበር። ከዚያ ወዲያ ስሙን ካነሳሁ መልካም አንስቼ አላውቅም፤ ሌላው ሲያነሳው ዝም እል ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቼ ብርቄን አገባሁ። ሽማግሌ ስልክ እትዬ ዘነበች "የልጄ ጓደኛ፣ ልጄ ማለት ነህ" ብለው አለቀሱና እሺ አሉ። አማቴ እስኪሞቱ ድረስ እሁድ እሁድ ቤታችን ይመጡ ነበር፤ ምግብ ሳይቀርብ የጋሼ ሽፈራውን ምላስ ይራገማሉ፣ ብርቄም አሜን ትላለች፣ ልጆቼም አሜን ይላሉ። እኔ ጸሎት እንዳለብኝ ሰው አንገቴን እደፋ ነበር። በአርባ ዓመት ውስጥ ስንት እሁድ እንዳለ ማንም አይጠይቀኝም። ዛሬ ከመሐል ሜዳ ወዲያ አስፋልት ገብቷል፤ ሚኒባሱ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል፤ ያ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ የስልክ መሸጫ ተሠርቶበታል። ብርቄ ግን አሁንም ከቤት የሚወጣ ልጅ ፊት ክፉ ነገር ከተናገርኩ እጇን አፌ ላይ ታደርጋለች።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ተቀምጬ ያየኋት ሴት ማን እንደሆነች ያወቅሁት እዚያው ነው። አንድ ደንበኛ "ወይንሸት ሽፈራው፣ የኔን ጨረስሽልኝ?" ሲላት ሰማሁ። ፊቷን ሳይ የጋሼ ሽፈራው ረዥም አገጭ አለ። ልሄድ ብድግ ልል ነበር። በዚያው አፍታ መቅደስ የምትባል ወጣት ገባች፤ ከጎረቤታችን ከቄሱ ልጆች የመጨረሻዋ ናት፣ ደብረ ብርሃን ክለብ ገብታ ብስክሌት ትወዳደራለች፤ ጥምቀትን ቤተሰብ ልትጠይቅ መጥታ ነበር።

"ደረሰልኝ? ነገ እስከ ደብረ ሲና ልምምድ አለን" አለቻት።

"ጎማው ገብቷል" አለች ወይንሸት።

"መቼ አጣበቅሽው?"

"ትናንት ማታ።"

"ነገ ልወርድበት እችላለሁ?"

ወይንሸት ቀና ብላ አየቻትና አንገቷን ደፋች። "እግዜር ያውቃል" አለች። ለቀደመውም ደንበኛ፣ ጎማው ሊተረተር ለደረሰው ባለ ሞተር፣ "ነፍቼዋለሁ" ነበር ያለችው። አይታለች፤ አላስጠነቀቀችውም።

ተነስቼ ገባሁ። ጎማውን ከመቅደስ እጅ ወስጄ አስተነፈስኩት። አውራ ጣቴ ድሮ የለመደውን አልረሳም፤ ስገፋው ጠርዙ ብድግ አለ፣ ከሥሩም ቢጫ ርጥበት ታየ።

"በዚህ ነገ ጣርማ በርን ከወረድሽ ትሞቻለሽ" አልኳት።

መቅደስ ደነገጠች። "አባባ፣ ምን ሆኑ? እንዴት እንዲህ ይሉኛል?"

"ሟርት እንዳይመስልሽ። እኔ እንዲህ ያለ ጎማ ሰጥቼ ሰው ገድያለሁ።"

ከዚያ ተናገርኩ። ከማክሰኞ ጀምሬ፣ ቀየት ገበያን፣ ኩበቱን፣ ሐሙስ ያልኩትን፣ ወደ ቁጥቋጦው የወረወርኩትን። መቅደስን እያየሁ ነበር የምናገረው፤ ወይንሸትን ማየት አልቻልኩም። ስጨርስ ብሩሹ ከማስቲሹ ቆርቆሮ ላይ ደርቆ ተጣብቋል። ወይንሸት ጎማውን ከእጄ ወሰደችና ከቸርኬው ላይ በአንድ ጊዜ ላጠችው፤ ያለ ችግር ተላጠ።

"አባቴ ከሞተ ስድስት ወሩ ነው" አለች። "እኔ ወደዚህ ከተማ ልመጣ ስነሳ መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ እንኳን አላለኝም። አፌ ይጎዳሻል ብሎ። በእጁ ነው ያሰናበተኝ።"

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ወደ መቅደስ ዞራ "አራት ቀን አትነኪውም። ከዚያ በፊት የወሰድሽው እንደሆነ እውነታቸውን ነው፣ ትሞቻለሽ" አለቻት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም የሰማችው ያህል ትንሽ ቆመች። ከዚያ ለእኔ "ሚስትዎን አውቃታለሁ" አለችኝ። "በዚህ በር ስታልፍ የአባቴ ምላስ እንዳይደርስባት ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። ለእሷ ነግረዋታል?"

"አልነገርኳትም።"

"እንግዲያው ለእኔ ምን ያደርግልኛል" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቤት ስደርስ ብርቄ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች። ጎኗ ተቀመጥኩ። አንድም ነገር ሳላስቀር ነገርኳት፤ ከእሷ ጋር የተነጋገርኩባትን ሩብ ሰዓት ጭምር። እንዝርቱ አልቆመም። ልብ ብላ እንደምትሰማኝ ያወቅሁት ክሩ እየወፈረ ስለመጣ ነው። ስጨርስ ለረዥም ጊዜ ፈተለች። ትጮሃለች፣ ትረግመኛለች፣ ወንድሟን ትጠራለች ብዬ ጠበቅሁ። ሁሉም ይገባኝ ነበር።

"ያ ሰውዬ የት ነው የተቀበረው?" አለችኝ።

"ራቤል ነው።"

"መቃብሩን ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም። ልጁን እጠይቃታለሁ።"

"እኔ እጠይቃታለሁ" አለች። እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሳችና ነጠላዋን ለበሰች። በጎማ ቤቱ በኩል ወረደች፤ አፏን አልሸፈነችም።

በማግስቱ መቃብሩ ወዳለበት ወደ ራቤል በሚሄደው ሚኒባስ ሦስታችንም ተሳፈርን። ብርቄ ቀድማኝ ገብታ ከወይንሸት ጎን ተቀመጠች። ቦታ ነበረ፤ ለእኔ ግን አልያዘችልኝም። ከኋላ ከነጋዴዎቹ ኩንታል አጠገብ ተቀመጥኩ። እስክንደርስ ድረስ ዞር ብላ አላየችኝም።